አንዱን በሰው፣ አራቱን በቦታ፦ ጥምር መከላከልን የማጥቃት ጥያቄ

የቅርጫት ኳስ ቡድን በሁለት መንገድ ይከላከላል። በሰው ለሰው መከላከል እያንዳንዱ ተከላካይ የሚይዘው ተጋጣሚ አለው፤ ሰውየው በሄደበት ይከተለዋል። በዞን መከላከል ደግሞ የሚሰጠው ቦታ ነው፤ ወደ ቦታው የገባውን ማንንም ይጠብቃል። አሠልጣኞች ለሁለቱም የታወቀ መልስ አላቸው። ሰው ለሰው በስክሪን (የተከላካዩን መንገድ በሰውነት በመጋረድ) እና በመቆራረጥ ይፈታል፤ ዞን በፈጣን ቅብብልና በተከላካዮች መካከል ያለውን ክፍተት በመያዝ ይሰበራል።

ተጋጣሚው ሁለቱን በአንድ ጊዜ ሲጠቀምስ? አንድ ተከላካይ ኮከቡን ተጫዋች እንደ ጥላ ይከተላል፤ የቀሩት አራት ቦታ ይጠብቃሉ። ወይም ሁለት ተከላካዮች ሁለት ሰው ይይዛሉ፤ ሦስቱ ከቅርጫቱ ሥር ዞን ይሠራሉ። በዚህ ጊዜ ስክሪን ብቻውን ግማሹን ተከላካይ አይነካም፤ ቅብብል ብቻውንም ኮከቡን ነጻ አያወጣም። ይህ ዳሰሳ ጥምር መከላከል ከየት እንደመጣ፣ አጥቂዎች ምን ምን መልስ እንዳቀረቡ፣ የትኛው መልስ ምን ማስረጃ እንዳለውና የትኛው ክርክር እስከ ዛሬ እንዳልተቋጨ ይመለከታል። የዓመታቱ አቆጣጠር በሙሉ የፈረንጆች ነው።

የሁለቱ ሥርዓቶች መጋጠም

ጄምስ ናይስሚዝ በዲሴምበር 1891 በስፕሪንግፊልድ፣ ማሳቹሴትስ ጨዋታውን በ13 ሕጎች ሲጀምር፣ ማን ማንን እንደሚይዝ የሚደነግግ ሕግ አልነበረም። ሰው ለሰው መያዝ በልማድ ጸና። የዞን መነሻ አብዛኛውን ጊዜ ከዌስት ቨርጂኒያው አሠልጣኝ ከካም ሄንደርሰን ጋር ይያያዛል። በ1914 አካባቢ ጣሪያው በሚያፈስ አዳራሽ ውስጥ ተጫዋቾቹ በእርጥቡ ወለል ላይ እየተንሸራተቱ ተጋጣሚን መከተል ሲያቅታቸው፣ ቦታ ቦታቸውን ይዘው እንዲቆሙ አደረገ ይባላል። በኋላም የሎንግ አይላንድ ዩኒቨርሲቲው ክሌር ቢ 1-3-1 የሚባለውን የዞን አቋቋም በማስፋፋት ስሙ ይነሳል።

ጥምር መከላከል በትምህርት ቤቶችና በዩኒቨርሲቲዎች ያደገው በአጋጣሚ አይደለም። ዛሬ ኤንቢኤ የምንለው ሊግ ገና በመጀመሪያ ዓመቱ፣ በጃንዋሪ 1947፣ ዞንን ከለከለ፤ ክልከላው የተነሳው በ2001–02 የውድድር ዘመን ነው። ስለዚህ ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ የዓለም ምርጥ ተጫዋቾች ከነበሩበት ሊግ ውጭ የቀረ ዘዴ ነበር። በአንጻሩ የአንድ ትምህርት ቤት ቡድን ብዙ ጊዜ አንድ ጎበዝ ወርዋሪና አራት መካከለኛ ተጫዋቾች ስለሚኖሩት፣ አንዱን አንቆ አራቱን የመፈተን ሐሳብ በዚያ ደረጃ የተፈጥሮ ነው። ስለ ማጥቃቱም ቢሆን አብዛኛው ዕውቀት የተጠራቀመው በትምህርት ቤትና በዩኒቨርሲቲ አሠልጣኞች እጅ ነው።

ዓይነቶቹና ልዩነታቸው

በጥምር መከላከል ስም የሚጠሩት ዘዴዎች አንድ አይደሉም፤ ስለ ማጥቃቱ የሚነሳው ግራ መጋባት ግማሹ የሚመጣው እነሱን ከማደባለቅ ነው።

ቦክስ ኤንድ ዋን አራት ተከላካዮችን በሳጥን ቅርጽ ያቆማል፤ ሁለቱ በነጻ ውርወራ መስመሩ ሁለት ጫፎች፣ ሁለቱ ደግሞ ከቅርጫቱ ግራና ቀኝ። አምስተኛው አሳዳጅ ነው። ዳይመንድ ኤንድ ዋን አሳዳጁን እንዳለ ይዞ አራቱን በአልማዝ ቅርጽ ያዞራል፤ አንድ ከፊት፣ ሁለት ከጎን፣ አንድ ከቅርጫቱ ሥር። ልዩነቱ ለአጥቂው ቀላል አይደለም። የሳጥኑ ደካማ ቦታ መሃሉና የፊቱ አናት ነው፤ የአልማዙ ደግሞ የነጻ ውርወራ መስመሩ ጫፎችና ጥጎቹ ናቸው። ከዚህ የመጣው የቆየ መመሪያ፣ ከፊት ሁለት ተከላካይ ካለ በአንድ ሰው ፊት፣ አንድ ተከላካይ ካለ በሁለት ሰው ፊት ማጥቃት ነው። ሳጥኑን የሚያጠቁት አራቱ በአልማዝ፣ አልማዙን የሚያጠቁት በሳጥን ይቆማሉ፤ አጥቂው ሁልጊዜ በሁለት ተከላካዮች መሃል ይገኛል።

ትራያንግል ኤንድ ቱ ሁለት አሳዳጆች አሉት፤ ሦስቱ በሦስት ማዕዘን ቅርጫቱን ይጠብቃሉ። ዘዴው ሁለት ጎበዝ ወርዋሪዎች ላሉት ቡድን የተሠራ ነው። የሚከፍለው ዋጋም ከፍ ያለ ነው፤ ሦስት ሰዎች ያን ሁሉ ስፋት መሸፈን አለባቸው።

ማች አፕ ዞን ከእነዚህ የተለየ ነው። ቦታ እየጠበቀ ይጀምርና ኳሱ እንደተነቃነቀ እያንዳንዱ ተከላካይ ወደ ቦታው የገባውን ሰው እንደ ሰው ለሰው ይይዛል፤ ሰውየው ሲወጣ ለጓደኛው ያስረክበዋል። ከ1982 እስከ 2006 ቴምፕል ዩኒቨርሲቲን ያሠለጠነው ጆን ቼኒ የዚህ ዘዴ ታዋቂ ስም ነው። እዚህ ላይ ጥምረቱ በተጫዋቾች መካከል የተከፈለ ሳይሆን በጊዜ የተከፈለ ነው፤ ያው ተከላካይ በአንዱ ቅጽበት የቦታ፣ በሌላው የሰው ጠባቂ ነው። በአንድ ተጫዋች ላይ ሁለት ሰው መመደብም ከቦክስ ኤንድ ዋን ጋር ይምታታል፤ ነገር ግን ሒሳቡ ሌላ ነው። ቦክስ ኤንድ ዋን ለቀሪዎቹ አራት ለአራት ይተዋል፤ ሁለት ሰው በአንዱ ላይ ማዋል ግን አራት ለሦስት ያደርጋቸዋል።

አስቀድሞ ማወቅ

ሁሉም ወገኖች የሚስማሙበት ነገር ቢኖር መለየት ከማጥቃት እንደሚቀድም ነው። የተለመደው ፈተና አንድ ተጫዋች በተከላካዮቹ መሃል አቋርጦ ወደ ሌላው ጎን እንዲያልፍ ማድረግ ነው። ተከላካዩ ተከትሎት ከሄደ ሰው ለሰው፣ ከተወው ዞን ነው። ለጥምር መከላከል ግን አንድ ፈተና አይበቃም። ኮከቡ ብቻውን ቢያቋርጥ አሳዳጁ ስለሚከተለው መከላከሉ ሰው ለሰው ይመስላል፤ ሌላ ተጫዋች ብቻውን ቢያቋርጥ ማንም ስለማይከተለው ንጹሕ ዞን ይመስላል። ስለዚህ ሁለቱም ማቋረጥ አለባቸው። ማች አፕ ዞን ደግሞ አቋራጩን ጥቂት ተከትሎ ስለሚያስረክብ፣ ርክክቡ የት ላይ እንደሚፈጸም ማየት ያስፈልጋል።

ይህ ፈተና ጊዜ ይበላል። ጥምር መከላከል ከሚያገኘው ጥቅም ዋናው ምናልባት ይኸው ነው ብለው የሚከራከሩ አሉ። ተጋጣሚው በአንዱ ማጥቃት ሳጥን፣ በሚቀጥለው ሰው ለሰው እያፈራረቀ ቢመጣ፣ አጥቂው ቡድን የያዘው መልስ ትክክል ቢሆን እንኳ ዘግይቶ ይደርሳል።

አንደኛው አቋም፦ ኮከቡን ማራቅ

የመጀመሪያው የማጥቃት አስተሳሰብ ተከላካዩ የመረጠውን መቀበል ነው። ኮከቡ ከኳሱ ርቆ ወደ አንዱ ጥግ ወይም ወደ ሜዳው አጋማሽ ይሄዳል፤ አሳዳጁ ስለሚከተለው ሁለቱም ከጨዋታው ይወጣሉ። የቀሩት አራት አጥቂዎች በሰፊ ሜዳ አራት ሰዎች ብቻ ያሉትን ዞን ያጠቃሉ። አምስት ሰው የሚሸፍነውን ቦታ አራት ሰው ሲሸፍነው ክፍተቱ እንደሚሰፋ፣ አሳዳጁም ለእርዳታ መምጣት እንደማይችል የዚህ አቋም ደጋፊዎች ያስረዳሉ።

በጣም የሚጠቀሰው ምሳሌ በኖቬምበር 2008 የተደረገው የዴቪድሰንና የሎዮላ ሜሪላንድ ጨዋታ ነው። የሎዮላው አሠልጣኝ ጂሚ ፓትሶስ ስቴፈን ኩሪን ጨዋታውን ሙሉ በሁለት ተጫዋቾች አስያዘው። ኩሪ አብዛኛውን ጊዜ ጥግ ላይ ቆሞ አሳለፈ፤ ሦስት ጊዜ ብቻ ወረወረ፤ አንድም ነጥብ አላስቆጠረም። ዴቪድሰን ግን 78 ለ 48 አሸነፈ። የኩሪ ትዕግሥት የሚደነቅ ቢሆንም ማስረጃው በጥንቃቄ መነበብ አለበት። የሎዮላ ዘዴ ለዴቪድሰን የሰጠው አራት ለሦስት ነው፤ ቦክስ ኤንድ ዋን ይህን ያህል አይሰጥም። ስለዚህ ጨዋታው ኮከብን ማራቅ እንደሚያዋጣ ከማሳየቱ ይልቅ፣ በአንድ ሰው ላይ ሁለት ሰው ጨዋታውን ሙሉ ማዋል እንደማያዋጣ በተሻለ ያሳያል።

ተቃዋሚዎች የሚያነሱት ግልጽ ነው። ተከላካዩ የፈለገው ኮከቡ ኳስ እንዳይነካ ነበር፤ ኮከቡን ማራቅ ደግሞ ይህንኑ በነጻ መስጠት ነው። አራቱ አጥቂዎች ከአራቱ ተከላካዮች በችሎታ ካልበለጡ፣ ሰፊው ሜዳ ብቻውን ነጥብ አያመጣም።

ሁለተኛው አቋም፦ ኮከቡን መጋጠሚያው ላይ ማቆም

ሁለተኛው አስተሳሰብ የሚነሳው ጥምር መከላከል ሁለት ሕግ በአንድ ሜዳ ላይ የያዘ መሆኑን ከማስተዋል ነው። አሳዳጁ በሰው ሕግ ይሠራል፤ ኮከቡን እንዳይለቅ ታዟል። አራቱ በቦታ ሕግ ይሠራሉ፤ ቦታቸውን እንዳይለቁ ታዘዋል። ሁለቱ ሕጎች በሚገናኙበት ቦታ ማን ምን እንደሚያደርግ አስቀድሞ የተወሰነ ነገር ብዙም የለም። አጥቂው እዚያ ላይ ጥያቄ መፍጠር አለበት።

ከዚህ የሚመነጨው ዋና መሣሪያ ኮከቡን ስክሪን ሠሪ ማድረግ ነው። ኮከቡ ከሳጥኑ የፊት ተከላካዮች ወደ አንዱ ሄዶ ይጋርደዋል፤ ኳስ የያዘው ጓደኛው በዚያ በኩል ይሾልካል። አሳዳጁ ፊቱን ለኮከቡ፣ ጀርባውን ለኳሱ የሰጠ ስለሆነ መርዳት ቢፈልግም ዘግይቶ ያያል። ኮከቡን ትቶ ኳሱን ለማስቆም ቢወጣ፣ መጀመሪያውኑ የተመደበበትን ሥራ ጣለ፤ ኮከቡ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ብሎ ኳሱን ተቀብሎ ይወረውራል። ባይወጣ ደግሞ ኳስ የያዘው ወደ ሳጥኑ መሃል ይገባል፤ ከዚያ በኋላ ጨዋታው በተበተነ ዞን ላይ ነው።

ሁለተኛው መሣሪያ ኮከቡ ራሱ ኳሱን ይዞ እንዲጀምርና ረጅም ጓደኛው እንዲጋርድለት ማድረግ ነው። አሳዳጁ በስክሪኑ ሲያዝ ከዞኑ አንዱ ሰው ወደ ፊት መውጣት ግድ ይሆንበታል። በዚህ ጊዜ ሁለት ተከላካዮች በኮከቡ ላይ ሲሆኑ ከኋላ አራት አጥቂዎች ከሦስት ተከላካዮች ጋር ይቀራሉ። ኳሱ በነጻ ውርወራ መስመር አካባቢ ለሚገኘው ስክሪን ሠሪ ሲደርስ ቀሪው ውሳኔ የእሱ ነው። የጎልደን ስቴት ዋሪየርስ ኩሪና ድሬይመንድ ግሪን በዓመታት ያዳበሩት ጨዋታ በዚሁ ሒሳብ የተሠራ ነው።

ሦስተኛው የቦታ ጉዳይ ነው። ኮከቡ ከዞኑ ተከላካዮች በአንዱ ቦታ ውስጥ ገብቶ ቢቆም፣ አሳዳጁና የቦታው ጠባቂ ሁለቱም አንድ ሥፍራ ላይ ይሆናሉ። የቦታው ጠባቂ በኮከቡ ዝና ተስቦ ዓይኑን ከጣለበት ደግሞ ሳይታዘዝ ሁለተኛ አሳዳጅ ሆነ ማለት ነው።

ይህ አቋምም ድክመት አለው። ኮከብ ስክሪን ሠሪ እንዲሆን ጉልበትና ፈቃደኝነት ይጠይቃል፤ ሲገፋና ሲጋጭ የሚውል ወርዋሪ በጨዋታው መጨረሻ እግሩ ይዝላል፤ የሚንቀሳቀስ ስክሪን ደግሞ ፎል ያስቆጥርበታል። ከሁሉም በላይ ዘዴው በስክሪኑ የሚሾልከው ጓደኛ ኳሱን ይዞ መወሰን የሚችል መሆኑን ይጠይቃል።

ሦስተኛው አቋም፦ ሳይደራጁ መቅደም

ጥምር መከላከል የሚሠራው ሲደራጅ ነው። አሳዳጁ ሰውየውን መፈለግ፣ አራቱ ቅርጻቸውን መያዝ አለባቸው። ስለዚህ ኳሱን ከሪባውንድ ወይም ከተጠለፈ ቅብብል በኋላ ወዲያው ወደ ፊት የሚያሮጥ ቡድን ጥያቄውን ሳይመልስ ያልፈዋል። ከዚህ ጋር የሚሄደው የማጥቃት ሪባውንድ ነው። በዞን ውስጥ ያለ ተከላካይ ውርወራ ሲደረግ በሰውነቱ የሚከለክለው የተመደበ ሰው የለውም፤ አራት ሰዎች አምስት አጥቂን መከልከል ሲኖርባቸው፣ አሳዳጁም ከቅርጫቱ ርቆ በሚገኝበት ጊዜ፣ የባከነ ኳስ ሁለተኛ ዕድል ይሆናል። ይህ አቋም ብዙም ተከራካሪ የለውም። ይሁንና ተጋጣሚው ነጥብ ባስቆጠረ ቁጥር ለመደራጀት ጊዜ ያገኛል፤ በመጨረሻዎቹ ደቂቃዎችም ሩጫ ይቀንሳል። ጥምር መከላከልም በአብዛኛው የሚወጣው በእነዚያው ደቂቃዎች ነው።

ሁለት አሳዳጆችና ማች አፕ ዞን

በትራያንግል ኤንድ ቱ ላይ የመጋጠሚያው አስተሳሰብ ጠንክሮ ይታያል። ሁለቱ ተይዘው ያሉ ኮከቦች እርስ በርሳቸው ስክሪን ሲሠሩ አሳዳጆቹ መቀያየር ወይም መጋጨት አለባቸው፤ ይህ ግን ሰው ለሰው የሚያውቀው ችግር ስለሆነ ልምድ ያለው ቡድን ይፈታዋል። የከበደው ጥያቄ የሚመጣው ከኮከቦቹ አንዱ ወደ ሦስት ማዕዘኑ ገብቶ ከሦስቱ አንዱን ሲጋርድ ነው። ሦስቱ ቀሪ አጥቂዎች ደግሞ በአንድ ጎን ቢሰበሰቡ፣ ሦስት ማዕዘኑ ወደዚያ ሙሉ በሙሉ መዞር አለበት፤ ኳሱ ተከላካዮቹን ተሻግሮ ወደ ማዶ ሲወረወር ማዶው ባዶ ነው። ነገር ግን ይህ ሁሉ የሚሠራው ከሦስቱ ቢያንስ አንዱ ከርቀት ማስቆጠር ከቻለ ነው። ትራያንግል ኤንድ ቱ የሚያዘው አሠልጣኝ ይህ ሰው የለም ብሎ ገምቷል።

ስለ ማች አፕ ዞን ክርክሩ ሌላ መልክ አለው። አንዱ ወገን እንደ ሰው ለሰው መጠቃት አለበት ይላል፤ ሁሉም ተከላካይ በመጨረሻ አንድ ሰው ስለሚይዝ ስክሪንና መቆራረጥ ይሠራሉ። ሌላው ወገን እንደ ዞን መጠቃት አለበት ይላል፤ አንድ ቦታ ውስጥ ሁለት አጥቂ ቢገባ የቦታው ጠባቂ መምረጥ ይኖርበታል። ሁለቱም በከፊል ልክ ናቸው። ማች አፕ ዞን ኳስ ሲዘዋወር ሰዎቹ ግን ባሉበት ሲቆሙ ተደላድሎ ይዛመዳል፤ የሚቸገረው ሰዎች ሲዘዋወሩ ነው። ርክክብ በተደጋገመ ቁጥር ስህተት የመፈጠሩ ዕድል ይጨምራል። ስለዚህ ሁለቱን ወገኖች የሚያስታርቀው መልስ ከኳሱ ራቅ ባለው ጎን አንድ ሰው ደጋግሞ እንዲያቋርጥና ርክክቡ በሚፈጸምበት ሥፍራ ሌላ አጥቂ እንዲጠብቅ ማድረግ ነው።

ታላላቅ ጨዋታዎች ምን ያሳያሉ?

በ1957 የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎች ፍጻሜ ካንሳስ ከዊልት ቼምበርሌይን ጋር ኖርዝ ካሮላይናን ገጠመ። የካንሳሱ አሠልጣኝ ዲክ ሃርፕ በተጋጣሚው ዋና ነጥብ አስቆጣሪ በሌኒ ሮዘንብሉት ላይ ቦክስ ኤንድ ዋን አዘዘ። የኖርዝ ካሮላይና ሌሎች ተጫዋቾች ከርቀት እየወረወሩ አስቆጠሩ፤ ካንሳስ ዘዴውን ትቶ ወደ ሰው ለሰው ተመለሰ፤ የመጀመሪያው አጋማሽ 29 ለ 22 ተጠናቀቀ። ጨዋታውን ኖርዝ ካሮላይና ከሦስት ተጨማሪ ጊዜ በኋላ 54 ለ 53 አሸነፈ።

በ1968 የሆነው ተቃራኒው ነው። ሂዩስተን በጃንዋሪ ዩሲኤልኤን 71 ለ 69 ሲረታ ኤልቪን ሄይስ 39 ነጥብ አስቆጥሮ ነበር። በማርች በግማሽ ፍጻሜ እንደገና ሲገናኙ፣ የአሠልጣኙ የጆን ዉደን ረዳት ጄሪ ኖርማን ባቀረበው ሐሳብ ዩሲኤልኤ ዳይመንድ ኤንድ ዋን ተጠቀመ፤ ሊን ሻክልፎርድ ሄይስን አሳደደው። በዚያ የውድድር ዘመን በአማካይ ከ36 ነጥብ በላይ ያስቆጥር የነበረው ሄይስ 10 ነጥብ ብቻ አገኘ፤ ዩሲኤልኤ 101 ለ 69 አሸነፈ። ይህ ጨዋታ የጥምር መከላከል ትልቁ ድል ተደርጎ ይነገራል። ሁለት ነገሮች ግን አብረው መታየት አለባቸው። በጃንዋሪ የዩሲኤልኤው ሊው አልሲንዶር ዓይኑ ተጎድቶ ነበር የተጫወተው፤ በማርች ደግሞ የሂዩስተኑ ኳስ አደራጅ ጆርጅ ሬይኖልድስ በብቁነት ደንብ ምክንያት አልተሰለፈም። ሄይስን ማን ያቀብለው እንደነበር ሳይጠየቅ አልማዙን ብቻ ማመስገን ይከብዳል።

በማርች 2012 የቢል ሰልፍ ካንሳስ በሩብ ፍጻሜ ኖርዝ ካሮላይናን በሴንት ሉዊስ 80 ለ 67 ሲያሸንፍ፣ በመጨረሻዎቹ ደቂቃዎች ትራያንግል ኤንድ ቱ ተጠቅሞ ተጋጣሚው ነጥብ ማግኘት ተሳነው። እዚህም የኖርዝ ካሮላይና ኳስ አደራጅ ኬንዳል ማርሻል የእጅ አንጓው ተሰብሮ ከሜዳ ውጭ ነበር።

ዘዴውን ወደ ኤንቢኤ ከፍተኛ መድረክ ያመጣው የ2019 ፍጻሜ ሁለተኛ ጨዋታ ነው። ጁን 2 በቶሮንቶ የራፕተርስ አሠልጣኝ ኒክ ነርስ በአራተኛው ክፍለ ጊዜ በኩሪ ላይ ቦክስ ኤንድ ዋን አዘዘ፤ አሳዳጁ ፍሬድ ቫንቭሊት ነበር። ዋሪየርስ ከአምስት ደቂቃ በላይ ነጥብ ሳያስቆጥሩ ቆዩ፤ ልዩነቱ ወደ 2 ነጥብ ወረደ። በመጨረሻ ሁለት ተከላካዮች ኩሪን ሲከቡት ኳሱ ለሾን ሊቪንግስተን፣ ከእሱም ብቻውን ለቆመው ለአንድሬ ኢጉዳላ ደረሰ፤ ኢጉዳላ ሦስት ነጥብ አስቆጠረና ጨዋታው 109 ለ 104 አለቀ። ኬቨን ዱራንት በጉዳት አልተሰለፈም፤ ክሌይ ቶምፕሰንም በዚያው ክፍለ ጊዜ ተጎድቶ ወጥቶ ነበር። ነርስ ሳጥኑን ያወጣው ሁለተኛውና ሦስተኛው አስቆጣሪ ከሜዳ ከጠፉ በኋላ ነው።

እነዚህን ጎን ለጎን ስናያቸው አንድ መልክ ይወጣል። ጥምር መከላከል የሠራባቸው ሦስቱ ጨዋታዎች አጥቂው ቡድን ዋና አቀባዩን ወይም ቀጣይ አስቆጣሪዎቹን ያጣባቸው ናቸው። ያልሠራባቸው ሁለቱ፣ የ1957 የመጀመሪያ ደቂቃዎችና የሎዮላ ሙከራ፣ ቀሪዎቹ ተጫዋቾች ብቁ ሆነው የተገኙባቸው ናቸው። በአምስት ጨዋታ ሕግ አይወጣም። ቢሆንም የተለመደው የአሠልጣኞች ውይይት ኮከቡ ምን ያድርግ በሚለው ላይ ሲያተኩር፣ እነዚህ ጨዋታዎች የሚያመለክቱት ወደ ሁለተኛውና ሦስተኛው ሰው ነው።

ደንቡ ጥያቄውን ይለውጠዋል

ያው መከላከል በተለያየ ደንብ ውስጥ ተመሳሳይ ክብደት የለውም። የመጀመሪያው ጉዳይ ሰዓት ነው። ኤንቢኤ የ24 ሰከንድ ገደብን በ1954–55 ጀመረ፤ ዓለም አቀፉ ፌዴሬሽን ፊባ ከ30 ሰከንድ ወደ 24 የወረደው በ2000 ነው። የአሜሪካ ወንዶች ዩኒቨርሲቲዎች ደግሞ በ1985–86 በ45 ሰከንድ ጀምረው በ1993–94 ወደ 35፣ በ2015–16 ወደ 30 ዝቅ አደረጉ። በርካታ የአሜሪካ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ለረጅም ጊዜ ያለ ገደብ ተጫውተዋል። ሰዓት በሌለበት ሜዳ እየመራ ያለ ቡድን ኳሱን ይዞ ተከላካዩ ሳጥኑን ትቶ እንዲወጣ ማስገደድ ይችላል፤ በ24 ሰከንድ ውስጥ ግን መለየቱ ብቻ ግማሹን ጊዜ ሊወስድ ይችላል። ትዕግሥት ይኑራችሁ የሚለው የድሮ ምክር ያለ ሰዓት የተጻፈ ምክር መሆኑ ብዙ ጊዜ ይረሳል።

ሁለተኛው የሦስት ነጥብ መስመር ነው። በ1957ም ሆነ በ1968 መስመሩ አልነበረም፤ ኤንቢኤ በ1979–80፣ ፊባ በ1984፣ የአሜሪካ ወንዶች ዩኒቨርሲቲዎች በ1986–87 አስገቡት። ፊባ በ2010 ከ6.25 ሜትር ወደ 6.75 ሜትር አራቀው። አራት ተከላካዮች ወደ ቅርጫቱ ሰብሰብ ብለው የሚተዉት ውርወራ በሄይስ ዘመን ሁለት ነጥብ ነበር፤ ዛሬ ሦስት ነው። ስለዚህ የ1968ቱ ድል ለዛሬ አሠልጣኝ በቀጥታ የሚያገለግል ማስረጃ አይደለም።

ሦስተኛው የኤንቢኤ የመከላከል ሦስት ሰከንድ ደንብ ነው። ሊጉ በ2001 ዞንን ሲፈቅድ ማንንም በቅርብ ያልያዘ ተከላካይ ከቅርጫቱ ሥር ባለው ክልል ከሦስት ሰከንድ በላይ እንዳይቆም ወሰነ። ፊባና ዩኒቨርሲቲዎች ይህ ደንብ የላቸውም። ውጤቱ ለአጥቂው ተቃራኒ ምክር ነው። በፊባ ሜዳ የሳጥኑን መሃል በአጥቂ መሙላት ተገቢ ነው፤ በኤንቢኤ ግን አጥቂ ወደ ክልሉ ባስገባህ ቁጥር ተከላካዩ እሱን ይዣለሁ ብሎ በሕጋዊ መንገድ እዚያው ይቆማል። ክልሉን ባዶ አድርጎ በትክክለኛው ቅጽበት ብቻ መግባት የኤንቢኤ አሠልጣኞች የሚመርጡት ለዚህ ነው።

ያልተቋጩ ክርክሮች

የመጀመሪያው የልምምድ ጥያቄ ነው። አንዳንድ አሠልጣኞች ለጥምር መከላከል የተለየ የማጥቃት ዕቅድ ያዘጋጃሉ። ሌሎች በዓመት ጥቂት ጊዜ ለሚገጥም ነገር የልምምድ ሰዓት ማባከን ነው ይላሉ፤ ሰውና ኳስ የሚንቀሳቀሱበት አንድ ጥሩ ሥርዓት በጥቂት ለውጥ ለሁሉም ይበቃል ብለው ያምናሉ። ምርጫው በተጫዋቾቹ ዕድሜና በልምምድ ጊዜ መጠን ይወሰናል። መካከለኛው መንገድ አንድ ሥርዓት ይዞ ኮከቡ የሚቆምበትን ቦታ ብቻ የሚቀይር ምልክት መስጠት ነው።

ሁለተኛው የማስረጃ ጥያቄ ነው። ዛሬ እያንዳንዱ ማጥቃት በቪዲዮ ተለይቶ ይቆጠራል፤ ሰው ለሰውና ዞን ተነጻጽረው ይለካሉ። ጥምር መከላከል ግን ለመነጻጸር የሚበቃ ብዛት የለውም። በዚያ ላይ የሚመረጠው በአጋጣሚ አይደለም፤ የሚወጣው የተጋጣሚ ረዳት ተጫዋቾች ሲዳከሙ ወይም ሲጎዱ ነው። ስለዚህ አሃዙ ጥሩ ሆኖ ቢገኝ እንኳ ያ ጥሩነት የዘዴው ይሁን የተመረጠበት ሁኔታ መለየት ይከብዳል። በ2019 ዋሪየርስ ካመለጧቸው ውርወራዎች ስንቱ በሳጥኑ ምክንያት፣ ስንቱ በድካም ምክንያት እንደነበር ቪዲዮው ብቻውን አይነግረንም።

ሦስተኛው የልጆች ጉዳይ ነው። የአሜሪካ ቅርጫት ኳስ ፌዴሬሽንና ኤንቢኤ በ2016 ባወጡት የወጣቶች መመሪያ እስከ 11 ዓመት ላሉ ልጆች ሰው ለሰው መከላከል ብቻ እንዲሆን መክረዋል። ከደጋፊዎቹ ክርክር አንዱ፣ ገና ከርቀት መወርወር የማይችሉ ልጆች ዞን ሲገጥማቸው ከማጥቃት ምንም አይማሩም የሚል ነው። ተቃራኒው ወገን ደግሞ ቦታን ማንበብ ዘግይቶ የጀመረ ተጫዋች በኋላ ይቸገራል ይላል። ቦክስ ኤንድ ዋንን በተመለከተ የመጀመሪያው ወገን የበለጠ አሳማኝ ነው፤ በሕፃናት ሜዳ ኮከቡን ማፈን አራቱን ሳይሆን ያንኑ አንዱን ልጅ ከጨዋታው ያስወጣል።

ምን ላይ ተደረሰ?

ከተዘረዘሩት መልሶች አንዱ ሌሎቹን አላሸነፈም፤ ሁኔታቸው ግን ሊለይ ይችላል። ቀሪዎቹ አራት ተጫዋቾች ከተከላካዮቹ የተሻሉ ከሆኑ ኮከቡን ማራቅ በቂ ነው። እኩል ከሆኑ ኮከቡ ስክሪን ሠሪ ሆኖ ሁለቱ ሕጎች የሚገናኙበት ቦታ ላይ መሥራት አለበት። ደካማ ከሆኑ ደግሞ ኳሱ ከኮከቡ እጅ እንዲጀምርና ከዞኑ አንድ ሰው በግድ እንዲወጣ ማድረግ ይሻላል፤ ቢያንስ ደካማዎቹ አራት ለሦስት ይጫወታሉና። ሦስቱም መንገዶች መጨረሻቸው አንድ ነው፤ ወሳኙን ኳስ የሚይዘው ማንም ያልያዘው ሰው ነው። ስለዚህ ለጥምር መከላከል የሚደረገው ዝግጅት በጨዋታው ዕለት ከሚሳል ሥዕል ይልቅ፣ በልምምድ ወራት አራተኛውና አምስተኛው ተጫዋች ምን ያህል ጊዜ ወረወሩ፣ ምን ያህል ጊዜስ ኳስ ይዘው ወሰኑ በሚለው ይለካል። ኮከቡ ብቻ የሚወስንበት ቡድን ሳጥኑ ሳይመጣበት በፊትም ግማሽ መልሱን አጥቷል።